ካልፓና ቻውላና አልዞር ያለው ሳተላይት፦ የአንዲት መሐንዲስ ጠፈርተኛ የጉዳይ ጥናት

ኖቬምበር 21 ቀን 1997 ከቀኑ 10 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ ካልፓና ቻውላ «ኮሎምቢያ» በተባለችው መንኮራኩር የኋላ መስኮት ፊት ቆማ፣ 1,350 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሳተላይት ከሮቦት ክንዱ ጫፍ ለቀቀች። ሳተላይቱ «ስፓርታን» ይባላል። ሥራው ኮሮና የሚባለውን የፀሐይ ውጫዊ ከባቢ በሁለት መሣሪያዎች ማጥናት ሲሆን፣ ሲጨርስ በዚያው ክንድ ተይዞ ወደ ምድር ሊመለስ ነበር የታቀደው። ከተለቀቀ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ባለበት ቦታ አንድ ዙር መሽከርከር ነበረበት። ዙሩ ለመንኮራኩሯ ሰዎች «ደህና ነኝ፣ መሄድ ትችላላችሁ» የሚል ምልክት ነው። ሳተላይቱ ግን አልዞረም።

ስለ ቻውላ በብዛት የሚጻፈው ስለ ልጅነቷና ስለ አሟሟቷ ነው። መካከሉ፣ ማለትም አንዲት መሐንዲስ ዓለም እያየ ሥራ ተበላሽቶባት፣ ጉዳዩ እንዴት ተመርምሮ እንዴት ወደ በረራ እንደተመለሰች የሚያሳየው ክፍል፣ ባንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። እኛ የምንቆየው እዚያ ላይ ነው። (ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሰዓቶቹ የፍሎሪዳ ሲሆኑ የጻፍናቸው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ከካርናል እስከ ሂዩስተን

ቻውላ የተወለደችው ዛሬ ሐርያና በሚባለው የሰሜን ሕንድ ግዛት፣ በካርናል ከተማ፣ ማርች 17 ቀን 1962 ነው። በይፋዊ ሰነዶቿ ላይ ያለው ጁላይ 1 ቀን 1961 ለፈተና ዕድሜዋ እንዲደርስ ተብሎ የተሞላ ቀን ነው። ካርናል በጊዜው የበረራ ክበብ ከነበራቸው ጥቂት የሕንድ ከተሞች አንዷ ስለነበረች ትንንሽ አውሮፕላኖች በሰማይዋ ሲያልፉ ማየት ለልጆቿ ብርቅ አልነበረም። ቻውላ ተማሪ ሳለች «የበረራ መሐንዲስ» መሆን ትፈልግ ነበር። ቃሉ አውሮፕላን የሚነድፍ ሰው ማለት ይመስላት ስለነበር ነው። የበረራ መሐንዲስ የሚባለው በበረራ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ መሣሪያዎችን የሚከታተለው ሰው መሆኑን ያወቀችው ኋላ ነው። ይህ ሥራ ከዓመታት በኋላ በሁለተኛ በረራዋ የእሷው ይሆናል።

በቻንዲጋር ከተማ ከፑንጃብ ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ በኤሮኖቲካል ምህንድስና በ1982 ተመርቃ በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ሄደች። የኤሮስፔስ ማስተርሷን ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አርሊንግተን በ1984፣ ዶክትሬቷን ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር በ1988 አገኘች። በዚያው በ1988 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የናሳ ኤምስ የምርምር ማዕከል ሥራ ጀመረች።

የኤምሱ ሥራዋ በደንብ መታየት ያለበት ነው፤ ኋላ ጠፈር ላይ የገጠማት ችግር ከዚህ ጋር ይዛመዳል። የምታጠናው እንደ ሃሪየር ያሉ ቀጥ ብለው የሚነሡና የሚያርፉ አውሮፕላኖች ዙሪያ ያለውን የአየር ፍሰት ነበር። ሃሪየር መሬት ሲቃረብ የሞተሩን ትንፋሽ ወደ ታች ይለቃል። ትንፋሹ መሬቱን መትቶ ወደ ጎን ይበተናል፤ ከፊሉ ተመልሶ የአውሮፕላኑን ሆድ ይመታል፤ የሞቀው አየር ወደ ሞተሩ መሳቢያ ከገባ ደግሞ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ይህን በእጅ ቀመር መፍታት አይቻልም። በኮምፒውተር ለማስላት በአውሮፕላኑ ዙሪያ ያለውን ቦታ በመረብ ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ዓይን ውስጥ ግፊቱንና ፍጥነቱን ማስላት ያስፈልጋል። ቅርጹ ውስብስብ ሲሆን አንድ መረብ አይበቃም። ስለዚህ ለአካሉ አንድ መረብ፣ ለክንፉ ሌላ፣ ለሞተሩ ትንፋሽ ሌላ ተሠርቶ መረቦቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ በተደራረቡበት ቦታ አንዱ የደረሰበትን ቁጥር ለሌላው ያቀብላል። ስሌቱ የሚበላሸውም በአብዛኛው በዚህ ርክክብ ላይ ነው። በ1993 ካሊፎርኒያ ሎስ አልቶስ ውስጥ ኦቨርሴት ሜተድስ ወደተባለ ድርጅት በምክትል ፕሬዚዳንትነትና በተመራማሪነት ስትዛወር ችግሩ አንድ ደረጃ ከበደ፤ የምታሰላው እርስ በርስ እየተንቀሳቀሱ ስላሉ ብዙ አካላት ሆነ።

በዚህ መካከል በ1991 የአሜሪካ ዜግነት አገኘች። ባለ አንድና ባለ ብዙ ሞተር አውሮፕላን የንግድ በረራ ፈቃድ፣ የውሃ ላይ አውሮፕላንና የግላይደር ፈቃድ ነበራት፤ በረራ የማስተማር ፈቃድም እንዲሁ። በዲሴምበር 1994 ናሳ መረጣት፤ በማርች 1995 ሂዩስተን ገብታ ሥልጠና ጀመረች። ከሥልጠናው በኋላ የተሰጣት ሥራ ለክንዱ አንቀሳቃሽ የሚታዩትን ማሳያ ስክሪኖች መፈተሽና የመንኮራኩሯን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በላቦራቶሪ መሞከር ነበር። በኖቬምበር 1996 ኤስቲኤስ-87 በተባለው በረራ ላይ የክንዱ ዋና አንቀሳቃሽ ሆና ተመደበች።

ክንዱ እንዴት ይይዛል

የሻትሉ (እንደ ኮሎምቢያ ያሉት መንኮራኩሮች የሚጠሩበት ስም ነው) ክንድ ካናዳ ሠራሽ ነው። ርዝመቱ 15 ሜትር ገደማ ሲሆን ስድስት መገጣጠሚያ አለው፤ ሁለቱ ትከሻው ላይ፣ አንዱ ክርኑ ላይ፣ ሦስቱ አንጓው ላይ ናቸው። አንቀሳቃሿ በግራ እጇ የክንዱን ጫፍ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ትወስደዋለች፤ በቀኝ እጇ ታዞረዋለች። ዓይኗ በመስኮቱና በካሜራ ስክሪኖች መካከል ይመላለሳል።

የክንዱ ጫፍ ጣት የለውም፤ አፉ የተከፈተ ጣሳ ይመስላል። በአፉ ዙሪያ ሦስት የብረት ገመዶች አሉ። ሳተላይቱ ላይ ደግሞ ወደ ውጭ የወጣ ዘንግ አለ። ጣሳው ዘንጉን ሲውጥ ውስጠኛው ቀለበት ይዞርና ሦስቱ ገመዶች እንደ ወጥመድ ዘንጉን ያንቃሉ። ይህ መያዝ ነው። ቀጥሎ ገመዶቹ ወደ ውስጥ ተስበው ሳተላይቱን ከጣሳው አፍ ጋር አጥብቀው ያጣብቁታል። ይህ ደግሞ ማጥበቅ ነው። በመያዝና በማጥበቅ መካከል ሳተላይቱ ይወዛወዛል። አንቀሳቃሿ የቱ ደረጃ ላይ እንዳለች የሚነግራት ፊት ለፊቷ ያለው አመልካች ነው። «ተይዟል» የሚለውን ምልክት ካላየች፣ ገመዱ ዘንጉን ይያዝ ወይም ባዶ ይዝጋ በእጇ ልትዳስሰው አትችልም።

የኖቬምበር 21 ከሰዓት

ኤስቲኤስ-87 ከኬኔዲ የጠፈር ማዕከል የተነሣው ኖቬምበር 19 ቀን ነው። አዛዡ ኬቨን ክሬግል፣ አብራሪው ስቲቨን ሊንድሲ ነበሩ። ከቻውላ ጋር ዊንስተን ስኮት፣ ጃፓናዊው ታካኦ ዶይና ዩክሬናዊው ሊዮኒድ ካዴኒዩክ ነበሩ። ስፓርታን በማግስቱ ሊለቀቅ ታስቦ አንድ ቀን ተራዘመ፤ አብሮት ፀሐይን የሚያጠናው ሶሆ የተባለው ሌላ መመልከቻ ወደ ሥራ እስኪመለስ መጠበቅ ስላስፈለገ ነው።

ሳተላይቱ ተለቆ ሳይዞር ሲቀር የአቅጣጫ መቆጣጠሪያው እንደማይሠራ ግልጽ ሆነ። ቻውላ ክንዱን መልሳ አስጠጋች፤ ዘንጉን ለመያዝ ሞከረች፤ አስተማማኝ የመያዝ ምልክት ግን አላገኘችም። ክንዱን ወደ ኋላ ስትስብ ሳተላይቱን ሳይነካው አልቀረም፤ በሰከንድ ሁለት ዲግሪ ገደማ መሽከርከር ጀመረ።

በሰከንድ ሁለት ዲግሪ ማለት በሦስት ደቂቃ አንድ ሙሉ ዙር ነው። ሲሰሙት ዝግ ያለ ይመስላል፤ ግን ምድር ላይ የተገፋ ነገር በሰበቃ ይቆማል፣ እዚያ ግን አይቆምም። መቆጣጠሪያው የሞተ ሳተላይት የተነካውን ያህል መዞሩን ይቀጥላል፤ የሚያዘው ዘንግም አብሮ ይዞራል። ክሬግል የኮሎምቢያን ትንንሽ ሞተሮች እየተኮሰ መንኮራኩሯን ከሳተላይቱ ዙር ጋር ለማስማማት ሞከረ። እንዲህ ያለ ማሳደድ ነዳጅ ይበላል፤ መንኮራኩሯና ሳተላይቱ የመጋጨት ዕድልም ከፍ ይላል። ከምድር ያለው የበረራ ዳይሬክተር ሙከራው እንዲቆም አዘዘ።

ኖቬምበር 24 ምሽት 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ ስኮትና ዶይ ወደ ውጭ ወጡ። ዕቅዱ ቀላል ነበር፦ ሁለቱ በመንኮራኩሯ የጭነት ክፍል ግራና ቀኝ እግራቸውን አስረው ይቆማሉ፣ ክሬግል መንኮራኩሯን ወደ ሳተላይቱ ያስጠጋል፣ ሳተላይቱ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲመጣላቸው በጓንት እጃቸው ይይዙታል። ዋናው ሥራ ትዕግሥት ነበር። ምሽት 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ያዙት። ጠቅላላው የውጭ ሥራ 7 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ፈጀ። ከኮሎምቢያ የተደረገ የመጀመሪያው የጠፈር ላይ ጉዞ፣ ለጃፓንም የመጀመሪያው ሆነ። ሳተላይቱ ተረፈ፤ ሳይንሳዊ ሥራው ግን በዚያ በረራ አልተከናወነም።

ስህተቱ የት ነበር

ክንዱን የያዘችው ቻውላ ስለነበረች ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ማረፉ የሚጠበቅ ነው። ሳተላይቱን የነካውም ክንዱ ነው። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ታሪኩ «አንቀሳቃሿ ተሳሳተች» ተብሎ ይዘጋ ነበር።

ምርመራው ግን ወደ ኋላ ሄደ። ሳተላይቱ ከመለቀቁ በፊት የአቅጣጫ መቆጣጠሪያውን የሚያስጀምር ትእዛዝ ከመንኮራኩሯ መላክ ነበረበት። ትእዛዙ ሳይፈጸም ቀረ፤ መቅረቱንም ሳያስተውሉ ሳተላይቱን ለቀቁት። እንግዲህ ክንዱ ሲነካው ሳተላይቱ አስቀድሞ በድን ነበር። መርማሪዎቹ ጉድለቱን ያገኙት በሶፍትዌሩ ገጽ አሠራር ላይ፣ እንዲሁም ለበረራ ቡድኑና ለምድር ተቆጣጣሪዎች በተጻፈው የሥራ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ቻውላ ከጥፋተኝነት ነጻ ሆነች።

ከመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም የርቀት ትእዛዝ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉት፦ ተልኳል ወይ፣ ደርሷል ወይ፣ ተፈጽሟል ወይ። አዝራር መጫን የመጀመሪያውን እንኳ አያረጋግጥም። ጥሩ የመቆጣጠሪያ ገጽ ሦስቱን ለያይቶ ያሳያል፤ ሦስተኛው ካልተሟላም ቀጣዩን እርምጃ አያስኬድም። ጥሩ የሥራ ቅደም ተከተል ደግሞ «ትእዛዙን ላክ» ብቻ ብሎ አይተውም፤ «ይህ ቁጥር ከዚህ ወደዚህ መቀየሩን አይ፤ ካልተቀየረ አትልቀቅ» ይላል። የስፓርታን ዙር ራሱ ማረጋገጫ ነበር፤ ችግሩ የሚመጣው ከተለቀቀ በኋላ መሆኑ ነው። ክንዱ ላይ እንዳለ መዞር ስለማይችል ዙሩን ማስቀደም አይቻልም። ስለዚህ ክንዱ ላይ ሳለ የሚደረገው ፍተሻ እጅግ ጠንካራ መሆን ነበረበት። ቻውላ ስለ ተደራራቢ መረቦች ስትሠራ የለመደችው ችግርም ይኸው ነው፤ ሁለት አካላት መረጃ በሚቀባበሉበት ቦታ የሚጠፋ ነገር።

ስፓርታን በኦክቶበር 1998 በኤስቲኤስ-95 ተመልሶ ወጣ። ተለቀቀ፣ ፀሐይን አጠና፣ በክንዱ ተይዞ ተመለሰ። ቻውላ ደግሞ የሻትልና የጠፈር ጣቢያ የበረራ ዕቃዎች ላይ የጠፈርተኞች ተወካይ ሆነች፤ ቀጥሎም በጠፈርተኞች ቢሮ የበረራ ሥርዓቶችንና የመኖሪያ ሁኔታን የሚመለከተውን ክፍል መራች። በ2000 ለሁለተኛ በረራ ተመረጠች። በእኛ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ትልቁ ነገር ይህ ምደባ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ምርመራውን ማመኑ የሚታወቀው በሪፖርቱ አይደለም፤ ሰውየውን በቀጣዩ ሥራ ላይ የት እንዳስቀመጠው ነው።

ከዚያው በረራ የመጣ ሌላ ማስጠንቀቂያ

ኤስቲኤስ-87 ዲሴምበር 5 ቀን 1997 አረፈ። የሙቀት መከላከያ ንጣፎቹ ሲመረመሩ 308 የመመታት ምልክት ተገኘባቸው፤ 132ቱ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ነበሩ። የተለመደው 40 ገደማ ነው። አንዳንዱ ጉዳት 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ንጣፍ ላይ 3.8 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ነበር። የመታቸው ከውጭው የነዳጅ ታንክ ጎን የተላጠ ፎም፣ ማለትም ታንኩን የሚሸፍነው ስፖንጅ መሰል የሙቀት መከላከያ ነው። መፍትሔውም ፎሙን በዚያ ቦታ ማሳሳትና የታመቀው ጋዝ እንዲወጣ ጥቃቅን ቀዳዳ መብሳት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። በ1997 የተላጠው ፎም የኦዞን ሽፋንን እንዳይጎዳ ተብሎ ቅመሙ የተቀየረ ስለነበር፣ ብዙዎች ቻውላ የሞተችበትን የ2003ቱን የኮሎምቢያ አደጋ ከዚያ ለውጥ ጋር ያያይዙታል። በ2003 የተላቀቀው ግን ታንኩና መንኮራኩሯ ከሚያያዙበት የፊት ለፊት እግር ሥር በእጅ ተረጭቶ፣ በእጅ ተቀርጾ የተሠራ የፎም ቁራጭ ነው፤ ቅመሙም የድሮው ነበር። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቅመሙ ሳይሆን ልማዱ ነው። ፎም ይላቀቃል፣ ንጣፍ ይመታል፣ መንኮራኩሯ በደህና ታርፋለች፣ ንጣፉ ይጠገናል፤ በዚህ መንገድ ምቱ የጥገና ጉዳይ እየሆነ ሄደ።

ኤስቲኤስ-107

ይህ የቻውላ ሁለተኛ በረራ ደጋግሞ ተራዘመ። በ2002 በመንኮራኩሮቹ የነዳጅ መተላለፊያ ውስጥ ስንጥቅ መገኘቱ አንዱ ምክንያት ነበር። በመጨረሻ ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ኮሎምቢያ ሰባት ሰው ይዛ ተነሣች፦ ሪክ ሃዝባንድ፣ ዊልያም ማኩል፣ ማይክል አንደርሰን፣ ዴቪድ ብራውን፣ ሎረል ክላርክ፣ እስራኤላዊው ኢላን ራሞንና ቻውላ። 80 ገደማ ሳይንሳዊ ሙከራዎችን ለመሥራት በሁለት ፈረቃ ተከፍለው ሃያ አራት ሰዓት ይሠሩ ነበር። ቻውላ በቀዩ ፈረቃ ውስጥ ነበረች። ሲነሡና ሲመለሱ መቀመጫዋ ከአዛዡና ከአብራሪው በስተ ኋላ መሐል ላይ ነበር። የበረራ መሐንዲስ ሆናለች።

በተነሡ በ82ኛው ሰከንድ ገደማ 760 ግራም ያህል የሚመዝን ፎም ከታንኩ ተላቆ የግራ ክንፉን የፊት ጠርዝ፣ ከተጠናከረ ካርቦን የተሠራውን 8ኛውን ፓነል መታ። በማግስቱ የማስነሻው ፊልም ሲታይ ምቱ ታወቀ። መሐንዲሶች ክንፉ ምሕዋር ላይ ሳለ ፎቶ እንዲነሣ ሦስት ጊዜ ጥያቄ አቀረቡ፤ አንዱም አልተፈጸመም። ጉዳቱ በስሌት ይገመት ተባለ። ለንጣፎቹ የተጠቀሙበት «ክሬተር» የተባለው ስሌት የተፈተነው በጥቃቅን ቁርጥራጮች ነው፤ ይህ ፎም በይዘት ከእነሱ በመቶዎች እጥፍ ይበልጥ ነበር። ስሌቱ ንጣፉ እስከ ታች ሊጎዳ እንደሚችል አሳየ፤ ሰዎቹ ግን «ይህ ስሌት አጋንኖ ነው የሚናገረው» ብለው አቃለሉት። ስሌት ከተፈተነበት ክልል ሲወጣ ያጋንን ወይም ያሳንስ ማወቅ አይቻልም። ይህ የቻውላ ሙያ ሀሁ ነው።

ጃንዋሪ 23 ላይ ከምድር ለአዛዡና ለአብራሪው በኢሜይል ስለ ምቱ ተነገራቸው፤ የሚያሳስብ ነገር የለም ተባሉ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን ጠዋት፣ 3 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ ሊያርፉ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀራቸው፣ በግራ ክንፉ የገባው ትኩስ ጋዝ ውስጡን አቅልጦት ኮሎምቢያ ቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች። ሰባቱም አለፉ። ቻውላ በሁለቱ በረራ በድምሩ 31 ቀን ከ14 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ጠፈር ላይ ቆይታለች።

ጁላይ 7 ቀን 2003 መርማሪዎች ሳን አንቶኒዮ ቴክሳስ ውስጥ ተመሳሳይ የፎም ቁራጭ በጋዝ መድፍ 8ኛው ፓነል ላይ ተኮሱ። ፓነሉ 41 በ42 ሴንቲ ሜትር ያህል ተበሳ።

በኤስቲኤስ-107 ላይ ክንዱ አልተጫነም ነበር፤ ለሥራው ስለማያስፈልግ። ስለዚህ ከመስኮት የማይታየውን የክንፉን ጠርዝ በካሜራ ልታይ የምትችልበት ክንድ ቻውላ አጠገብ አልነበረም። ሻትል በጁላይ 2005 በኤስቲኤስ-114 ወደ በረራ ሲመለስ፣ ከክንዱ ጋር ካሜራና ሌዘር የተገጠመለት ሌላ 15 ሜትር ዘንግ ይዞ ወጣ። ከዚያ ጀምሮ በተነሡ በማግስቱ የክንዱ አንቀሳቃሾች ያንን ዘንግ ይዘው የሁለቱን ክንፎች የፊት ጠርዝና አፍንጫውን ለሰዓታት፣ ፓነል በፓነል፣ ይቃኙ ነበር።